ለአካባቢ ጥበቃ አንድ እሽግ ውኃ

ትምህርት ቤቶቻችንን የሚያማ ሰው ምላሱ ይታሰር። «ልጆቻችን በተግባር አይማሩም» እያለ የኖረው ሁሉ ደሴ ይምጣና የልጄን የመገናኛ ደብተር ይመልከት። በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «ለነገ 12 ባዶ ሃይላንድ፣ ሙጫ፣ ብልጭልጭ ወረቀትና የሚረጭ ቀለም ይዛ ትምጣ። ከወዳደቁ ዕቃዎች ጥበብ እንሠራለን።»

ባዶ ሃይላንድ ፍለጋ ቤቱን አመስነው። (ውኃውን ያሸገው ማንም ይሁን ማን፣ እኛ ዘንድ ጠርሙሱ ሃይላንድ ነው።) ጠርሙስስ ሞልቷል፤ ባዶ ግን የለም። አንዱ ዘይት ይዟል፤ አንዱ የጎመን ዘር፤ አንዱ ጠበል። ከሐጅ የተመለሱት ጎረቤታችን የሰጡን ደግሞ ዘምዘም ስላለበት እንኳን ሊቆረጥ ያለ ቢስሚላህ አይነሳም። እናቴ የቤቱን ጠርሙስ በቁጥር ያውቁታል። ልጄ መቀስ ይዛ ስትጠጋ «ይኼ እኮ ዕቃ ነው፤ ቆሻሻ መሰለሽ?» ብለው አባረሯት። የአካባቢ ጥበቃ ዋና እንቅፋት ለካ ጓዳችን ውስጥ ነጠላ አጣፍቶ ተቀምጦ ኖሯል።

ምን ይደረግ፣ ሱቅ ወረድኩና አንድ እሽግ ገዛሁ። ባለሱቁ «ድግስ አለ እንዴ?» ቢለኝ «የለም፣ አካባቢ ልንጠብቅ ነው» አልኩት። ማታ አሥራ ሁለቱንም ጠርሙስ እየከፈትን ባልዲ ውስጥ ገለበጥን። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በታሸገ ውኃ እግራችንን ታጥበን ተኛን።

ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ እየሰበሰበ በዓለም የታወቁ ሥራዎችን ሠርቷል። ምስኪን፣ በከንቱ ደከመ። ሰው የጣለውን ከመልቀም ይልቅ ገና ያልተጣለውን ገዝቶ መጣል እንደሚቻል የነገረው አልነበረም።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ደረሰ። በሩ ላይ አራት ሜትር የሚሆን ባነር ተዘርግቷል፤ «አካባቢያችንን ከፕላስቲክ እንታደግ» ይላል። ባነሩ ፕላስቲክ ነው። ፊኛውን አልቆጥርም። በክብር እንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሃይላንድ ተደርድሯል፤ አብዛኛው አንድ ጊዜ ተጎንጭተውለት የቀረ። ተናጋሪው የ1999ኙን አዋጅ አነሱ፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ የከለከለውን። ቀጥለውም በ2017 ፌስታልን ጨርሶ የሚያግድ አዋጅ መጽደቁን አበሠሩ። ልጆቹ ሥራቸውን ያመጡበትን ፌስታል ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አጨበጨቡ።

አንደኛ የወጣው «ዘላለም የምታብብ ዛፍ» ነበረች። አበባዋ ከሃይላንድ የተቆረጠ፣ ቀይና ወርቃማ ቀለም የተረጨ፣ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ነው። አበቦቹ የተንጠለጠሉበት ቅርንጫፍ ግን የእውነት ነው፤ በዋዜማው ከግቢው ጽድ ተቆርጦ የመጣ። ጽዱም ዝም ብሎ ከማደግ ተርፎ ለቁም ነገር በቃ።

ልጄ ምን ነክቷት እንደሆነ አላውቅም፣ ራሷ ከሠራችው የሃይላንድ አበባ ጎን የአያቷን ሰፌድ ይዛ ቀርባ ነበር። እናቴ የማዳበሪያ ከረጢት ክሩን እየተረተሩ፣ አረንጓዴውን ከነጩ እያጠላለፉ የሰፉት ነው። ዳኛው አገላብጠው አዩት፤ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ወደዱትም። ከዚያ ግን አንድ እንከን አገኙበት፦ «ይህ እኮ እህል ይበጠርበታል። ሥራ ላይ የዋለ ዕቃ አንቀበልም።» ልክ ናቸው። ጥቅም የሚሰጥ ነገር ከውድድሩ ካልወጣ ልጆቹ ግራ ይጋባሉ።

በዚያው ሰዓት ቁራሌው ጆንያውን ተሸክሞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጥበቃው «ዛሬ የአካባቢ ጥበቃ በዓል ነው፣ ሌላ ቀን ና» ብሎ መለሰው። ሌላ ቀን መጣ። የቀረበለትን አበባ አየና «ሙጫና ቀለም የነካውን ማን ይገዛኛል? እንዳለ ብትሰጡኝ ምን ነበረ?» አለ። ሥነ ጥበብ ያልገባው ሰው ነው።

አበባዎቹ ከግቢው ጀርባ ተከመሩ፤ የመጀመሪያው ዶፍ ዝናብ ወደ ቦርከና ወንዝ አወረዳቸው። ከዚህ ወዲያ ያለው ጉዞ ትኬት አያስከፍልም። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል። እስከዚያ ያለው አርብቶ አደር ሁሉ የልጆቻችንን ሥራ በነፃ ይጎበኛል፤ የጨፋ ከብቶችማ ከመጎብኘት አልፈው ሊቀምሱት ይችላሉ።

ባነሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዓመተ ምሕረቱ ስለታተመበት ለከርሞ አይሆንም፤ አዲስ ይታተማል ተባለ። እናቴ ይህን ሲሰሙ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው ለምነው አመጡት። አሁን የዶሮ ቤታችን ጣሪያ ነው። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ጠዋት ሄጄ አየሁ፤ «እንታደግ» በሚለው ቃል ሥር ሦስት ዶሮዎች ጠብታ ሳይነካቸው ተቀምጠዋል።