የሜሞሪ ጣሪያችንን መልሱልን

ለዓመታት የተጠቀምኩበት የምስል ማመቂያ ፕሮግራም ሰሞኑን አዲስ እትም አወጣ። ከለውጦቹ ዝርዝር መካከል አንዲት አጭር መስመር አለች። የሜሞሪ ጣሪያ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከራም (ከኮምፒውተሩ የሥራ ሜሞሪ) ቢበዛ ምን ያህል እንደሚወስድ የምንወስንበት አማራጭ ተነሥቷል፤ ከእንግዲህ ምስሉ በሙሉ ራም ላይ ተጭኖ ነው የሚሠራው። ለምን ብለን ስንጠይቅ ከገንቢዎቹ አንዱ የሰጠው መልስ ይበልጥ አናደደኝ። ራም ዛሬ ርካሽ ነው፣ በዚህ የሚጨነቅ የለም አለ።

እኔ እጨነቃለሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ወርዱ 12,000፣ ቁመቱ 8,000 ፒክስል የሆነ ፎቶ 96 ሚሊዮን ፒክስል አለው። ለአንዱ ፒክስል 3 ባይት ቢታሰብ 288 ሜጋባይት ነው። ግልጽነትን የሚይዘው አራተኛ ባይት ሲጨመር 384 ይደርሳል። ይህ ገና የመጀመሪያው ቅጂ ነው። ፎቶው ሲያንስ ሌላ ቅጂ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ሊመጣ ይችላል።

ራም ርካሽ ነው የሚል ሰው የሚታየው አንድ ፎቶና አንድ ጉልበተኛ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሰርቨር ላይ 20 ሰው እኩል ፎቶ ቢልክስ? 384 በ20 ሲባዛ 7.7 ጊጋባይት ገደማ ነው። ስልክ ላይስ? ስልክ ራም ሲያንሰው አፑን ይዘጋዋል፣ አለቀ። የተጠቃሚው ሥራም አብሮ ይጠፋል።

የሚያበሳጨኝ ግን ይህ ሁሉ ድሮ የተፈታ ችግር መሆኑ ነው። ብዙ ፎቶ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት፣ ተራ ጄፔግ፣ ምስልን የሚያምቀው 8 በ8 በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው። የቀለም መረጃው በግማሽ ሲቀነስ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው 16 መስመር ፒክስል ነው። 16 መስመር አንብብ፣ እመቅ፣ ጻፍ፣ ቀጥል። ለዚያው ፎቶ 576 ሺህ ባይት ይበቃል። ከ288 ሜጋባይት 500 እጥፍ ያነሰ ማለት ነው! የፎቶው ቁመት በእጥፍ ቢጨምር ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

በቶም ሌን አስተባባሪነት የተጻፈው ሊብጄፔግ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ጄፔግ ለማንበብና ለመጻፍ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ)፣ በ1991 ሲወጣ የዶስ (የድሮው ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ፕሮግራሞች በ640 ኪሎባይት ውስጥ ተጣብበው ነበር የሚሠሩት። ሰዎቹ ግን ስለ ሜሞሪ አጥብቀው አሰቡ። ዛሬም የላይብረሪውን ኮድ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ሜሞሪው በገንዳ በገንዳ ተለይቷል። አንዱ እስከ መጨረሻው የሚቆይ፣ ሌላው ለአንድ ምስል ብቻ። ምስሉ ሲያልቅ የምስሉ ገንዳ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ የተረሳ ቁራጭ እየተጠራቀመ ማሽኑን ስታክ አያደርገውም። ከላይብረሪው ጋር የሚመጣው የማመቂያ ትእዛዝ ላይ ደግሞ ማክስሜሞሪ የሚባል አማራጭ አለ። ተጠቃሚው ከዚህ በላይ እንዳትወስድ ብሎ ይወስናል። ከ30 ዓመት በፊት ለተጠቃሚው የተሰጠ መብት ነው ዛሬ የተነጠቅነው።

ፕሮግረሲቭ ጄፔግስ፣ መጀመሪያ ደብዝዞ ታይቶ እየጠራ የሚመጣው ዓይነት፣ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ እሱ ምስሉን በተደጋጋሚ ዙር ስለሚያጠራው ቁጥሮቹን በሙሉ መያዝ ግድ ይላል። ለእሱም ቢሆን እነዚያው ሰዎች ጣሪያው ሲሞላ ትርፉን ወደ ጊዜያዊ ፋይል የሚያሻግር ዘዴ አዘጋጅተዋል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ወደ ዲስክ ያወጣዋል የሚለው ክርክር ደግሞ ጭራሽ አይዋጥልኝም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቀጥሎ የትኛው መስመር እንደሚፈለግ በምን ያውቃል? የሚያውቀው ፕሮግራሙ ነው። የሚያውቀው እጁን አጣጥፎ የማያውቀው እንዲገምት ማድረግ ስንፍና ነው።

ጣሪያ ደግሞ ቁጠባ ብቻ አይደለም፣ መከላከያም ነው። 30,000 በ30,000 የሆነ ባለ አንድ ቀለም ፒኤንጂ (ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት) በዲስክ ላይ ጥቂት ሜጋባይት ቢሆን ነው። ሲፈታ ግን በ4 ባይት ሒሳብ 3.6 ጊጋባይት ይውጣል። ክፉ ሰው አንድ እንዲህ ያለ ፋይል ልኮ ሰርቨር ሊጥል ይችላል። በፓይተን ቋንቋ ምስል የሚሠራበት ላይብረሪ፣ ፒሎው፣ ከ89 ሚሊዮን ፒክስል ትንሽ ሲያልፍ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። የእኛዎቹ ግን በራቸውን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ኮዱን ማቅለል ፈልገን ነው ቢሉ እንኳ እረዳቸው ነበር። ራም ርካሽ ነው ግን አይባልም፤ ራሙ የእነሱ አይደለም። እኔ ወደ አሮጌው እትም ተመልሻለሁ። ጣሪያው በ64 ሜጋባይት ተወስኖ ትልልቆቹን ፎቶዎቼን ሁሉ አንድም ሳይቀር ጨርሷል። ያቺን አማራጭ መልሱና እኔም ወደ አዲሱ እመጣለሁ።