እርማት፦ «መድኃኒት ለሌለው በሽታ ምክር ምን ይሠራል?» ለምትሉ

ብዙዎቻችሁ «የመርሳት በሽታ ፈውስ ስለሌለው አስታማሚን መምከር ትርፉ ድካም ነው» ብላችኋል። ለአልዛይመር፣ ማለትም ለዋነኛው የመርሳት በሽታ፣ ፈውስ አለመገኘቱ እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም።

በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ሚትልማን የመሯት ጥናት የትዳር ጓደኞቻቸውን የሚያስታምሙ 406 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን በአራት ወር ውስጥ ስድስት የምክር ጊዜ አገኘ፤ ሁለቱ ለብቻ፣ አራቱ ከዘመድ ጋር፣ ያውም ታማሚው በሌለበት። ከዚያ የድጋፍ ቡድን፣ ሲጨንቃቸውም አማካሪ በስልክ። ምክሩን ያገኙት ሰዎች የሚያስታምሟቸው ታማሚዎች መንከባከቢያ ተቋም መግባት ከሌላው ወገን ሲነጻጸር በመካከለኛ ግምት 557 ቀን ዘገየ።

በሽታው አልቆመም፤ የተለወጠው አስታማሚው ነው። ድባቴው ቀለለ፣ አጋዥ አገኘ፣ ታማሚው ማታ ማታ «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲል መከራከሩን ተወ።

ማረጋገጥ የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2006 ኒውሮሎጂ መጽሔት ላይ የወጣውን ጽሑፍ አጭር መግለጫ ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች ድረ ገጽ ላይ በነጻ ያንብብ።

እባካችሁ፣ «ዋጋ የለውም» ስንል አንዲት ልጅ እርዳታ ሳትጠይቅ ብቻዋን እንድትሸከም እየፈረድንባት ነው። ዘመድ ሰብስባችሁ «ማክሰኞ ከሰዓት ማን ይቀመጣል?» ብላችሁ ቀንና ሰዓት ቁረጡ፤ «እናግዛለን» ብቻ ከተባለ ማንም አይመጣም።