የጉንተርስቪል ጉዞ ገድ አልነበረውም?

ልጁ አላባማ ከሄደበት የኮሌጅ ዓሣ ማጥመድ ውድድር ከተመለሰ ሳምንት አልሞላውም። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ባለው የወላጆቹ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ የምንቀራረብ ሰዎች ተሰብስበናል። ስም መጥራት አያስፈልግም። ወሬው ሁሉ ስለዚያ ጉዞ ሆነ። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር፤ እያደር ግን ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ የኮሌጅ ውድድር አለው። የሚያጠምዱት ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው። በአንድ ጀልባ ሁለት ተማሪዎች ይወጣሉ። በቀን የሚመዘንላቸው ቢበዛ አምስት ዓሣ ስለሆነ ትንሹን በትልቅ እየለወጡ ይውላሉ። ብዙ ቦታ እንደ ቅርጫት ኳስ ኮሌጁ አሠልጣኝና አውቶቡስ መድቦ የሚያንቀሳቅሰው ስፖርት አይደለም። አብዛኛውን የሚመሩት የተማሪዎች ክበባት ናቸው። መኪናውና ጀልባው ብዙ ጊዜ የወላጅ ነው። ነዳጁና ማደሪያውም ከራሳቸው ኪስ ነው። አዲስ የባስ ጀልባ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል። የልጁና የጀልባ አጋሩ ጀልባ ያገለገለ ነው፤ የአጋሩ አባት ነው የሰጣቸው።

ማክሰኞ ክፍል ውለው፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። መድረሻቸው አላባማ ያለው የጉንተርስቪል ሐይቅ ነው። ጀልባ እየጎተቱ ከ11 ሰዓት የማያንስ መንገድ ነው። ሐሳባቸው ሌሊቱን ነድተው ጠዋት ሐይቁ ላይ ለመለማመድ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ሚሲሲፒ ገብተው ቪክስበርግን እንዳለፉ፣ የተጎታቹ አንድ ጎማ መጨስ ጀመረ። ኩሽኔታው ነዷል። መለዋወጫ አልያዙም። ሱቅ እስኪከፈት መኪናው ውስጥ ተኙ። ተጠግኖ ሲያልቅ ቀትር ሆነ። ሐይቁ ጋ ሲደርሱ መሽቷል። የልምምዱ ቀን በዚሁ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት ጭጋግ ወረደ። ጀልባዎቹ በጣም ፈጣን ናቸው፤ ፊት ሳይታይ አይለቀቁም። መነሻው ሁለት ሰዓት ዘገየ። ከወጡ በኋላ ሦስት ዓሣ ያዙ። ከዚያ የጀልባ መስመሩን ምልክት ለቀው በአቋራጭ ሲሄዱ ፕሮፔለሩ ውኃ ውስጥ ካለ ጉቶ ጋር ተጋጨ። ቀስ እያሉ ሲመለሱ 3 ደቂቃ አረፈዱ። በዚህ ውድድር ለእያንዳንዷ ደቂቃ 1 ፓውንድ ይቀነሳል። 15 ደቂቃ ካለፈ የቀኑ ክብደት በሙሉ ይሰረዛል። ካመጡት 7 ፓውንድ 4 ቀረላቸው።

ዓርብ ባሰ። ጀልባው ፊት ላይ ያለችው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ዓሣው ሳይደነግጥ ቀስ ብለው የሚጠጉባት፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ቆመች። ለካ ሌሊቱን ቻርጀሩን የሰኩበት ሶኬት ኤሌክትሪክ የለውም። ሁለቱም አላዩም። ከዚያ በሁለቱ ቀን ያላዩትን ትልቅ ዓሣ ያዙ። ጀልባው አጠገብ ደርሶ፣ መረቡ ሊገባ ሲል ክሩ ተበጠሰ። መጨረሻ ላይ ከያዟቸው አንዱ ጀልባው ገንዳ ውስጥ ሞተ፤ ለሞተ ዓሣ 4 አውንስ፣ ማለትም ሩብ ፓውንድ፣ ይቀነሳል። ከመጨረሻዎቹ ተርታ ሆነው ወጡ።

እናትየው ቡናውን እየቀዳች፣ «ጉዞው ገድ አልነበረውም» አለች። «ጎማው ሲጨስ መመለስ ነበረባቸው። እግዚአብሔር ከዚህ በላይ እንዴት ይናገር? በጭጋጉም ነገራቸው፣ በጉቶውም ነገራቸው። አልሰማ አሉ።»

ልጁ ሳቀ። የጀልባ አጋሩ ግን ጥፋቱን እሷ ላይ እንደጣለ ነገራት። ለመንገድ ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ አሲዛቸው ነበር። አጋሩ የምሥራቅ ቴክሳስ ልጅ ነው። ሉዊዚያና ነዳጅ ሊቀዱ ሲቆሙ ቦርሳውን ከፍቶ ሙዙን አየና ደነገጠ። ጀልባ ላይ ሙዝ መጥፎ ዕድል ያመጣል የሚል የቆየ የአጥማጆች እምነት አለ። እዚያው ጣለው።

«ምን?» አለች እናትየው። «እኔ በቀኝ ያውላችሁ ብዬ መርቄ የላክሁትን?»

«የእሱ ሙዝ ካንቺ ምልክት በምን ይለያል?» አለ አባትየው። «ሁለታችሁም ያው ናችሁ። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ይኼ ሁሉ ወጪ ለምኑ? ዓሣውን እንኳ መዝነው መልሰው ይለቁታል!»

ይህን ሲሰሙ የሚገረሙ ብዙ የእኛ ሰዎች አሉ። የተጀመረው ግን በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። ሬይ ስኮት የሚባል የአላባማ ሰው፣ ኢንሹራንስ ሲሸጥ የነበረ፣ በ1967 አርካንሶ በሚገኘው ቢቨር ሐይቅ ትልቅ የባስ ውድድር አዘጋጀ። ውድድሩ እየበዛ ሲሄድ ሐይቁን ያራቁታል የሚል ቅሬታ ተነሳ። በ1972 ዓሣውን በሕይወት አምጥቶ፣ መዝኖ መልሶ መልቀቅን የውድድሩ ልማድ አደረገው። ለሞተ ዓሣ የሚቀነሰው 4 አውንስም የዚያው ጥንቃቄ አካል ነው። ይህን ያስረዳን የልጁ የአክስት ልጅ ነው። ዓሣ ማጥመድ ላይ የማይከታተለው ነገር የለም።

እሱ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። «ዕድል ምናምን እያላችሁ ልጁን አታባልጉት» አለ። «ጆርዳን ሊ የኮሌጅ አጥማጅ ነበር፤ ለኦበርን ዩኒቨርሲቲ። በ2017 ሂውስተን አጠገብ ባለው ኮንሮ ሐይቅ፣ ባስማስተር ክላሲክ በሚባለው ትልቁ የባስ ውድድር ላይ፣ የመጨረሻውን ቀን የጀመረው ከ15ኛ ደረጃ ነው። በዚያው ቀን ሞተሩ ተበላሸበት። ያለበት ቦታ ላይ ሆኖ አጥምዶ 27 ፓውንድ ከ4 አውንስ አመጣ። አሸነፈ! በዓመቱም ደገመው። ጎበዝ ከሆንክ ሞተር አያስቆምህም።»

እስከዚያ ዝም ብሎ የነበረው የጭነት መኪና ሾፌሩ ነው። ትልቁን መኪና ይዞ ከቴክሳስ ጆርጂያ ሲመላለስ ይኖራል፤ ያቺን የሚሲሲፒ መንገድ ያውቃታል። «አንተ ልጅ» አለው የጉዞውን ባለቤት፣ «ያንን ኩሽኔታ መጨረሻ ግራሶ የቀባው ማነው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ስትቆሙስ ጎማውን መሐል ላይ በእጅህ ነካ አድርገህ አየህ? ይፈጃል ወይስ ለብ ያለ ነው?»

አላየም።

«በቃ። የጀልባ ተጎታች እንደሌላው አይደለም። ከረጅም መንገድ በኋላ ኩሽኔታው ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ድንገት ሲቀዘቅዝ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃው ግራሶውን ያበላሸዋል፤ ከዚያ ዝገት፣ ከዚያ እሳት። ይኼ ገድ አይደለም። ነዳጅ በቀዳችሁ ቁጥር በእጅ መንካት፣ ግራሶ መቀባት፣ ተለዋጭ ኩሽኔታ መያዝ። ሌላ ሚስጥር የለውም።»

እናትየው አልተዋጠላትም። «ጭጋጉንም ግራሶ ይቀቡት?» አለች።

ልጁ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ ስለ መልሱ መንገድ ያወራው ይኼኔ ነው። ዓርብ ማታ ከምዘናው እንደወጡ በዚያው ወደ ቤት ነዱ። ለማደሪያ የቀረ ገንዘብ የለም፤ ተናደዋል፤ መድረስ ብቻ ነው የፈለጉት። አጋሩ ከኋላ ተኝቷል። «ሉዊዚያና ጋ ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። የመንገዱ ዳር ላይ ያለው የሚያንጓጓው መስመር ነው የቀሰቀሰኝ» አለ። እየሳቀ ነው የተናገረው።

ማንም አልሳቀም።

ነርሷ ስኒዋን አስቀመጠች። ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ የሠራች ሴት ናት። «ማክሰኞ ስንት ሰዓት ተነሳህ?» አለችው። ጠዋት 1 ሰዓት። «ጎማው የጨሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት። 19 ሰዓት ነቅተህ ነበር ማለት ነው። 17 ሰዓት የነቃ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለው ሰው ነው የሚሆነው። 24 ሰዓት ሲሞላው 0.10 እንዳለው። 21 ዓመት የሞላውን ሰው እንኳ ፖሊስ 0.08 ላይ ይይዘዋል። ቢራ ጠጥተህ ጀልባ ጎትት ብልህ እሺ ትላለህ?»

ሾፌሩ ቀጠለ። «እኔ 11 ሰዓት ከነዳሁ በቃኝ። ሕጉ ነው። 10 ሰዓት ሳላርፍ መሪ አልነካም። መኪናው ራሱ ይመዘግብብኛል። ይኼ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ክፍል ውሎ፣ ጀልባ ጎትቶ ሌሊቱን ሲነዳ ማን ጠየቀው?»

«ሁሉም ቡድን እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለ ልጁ።

አባትየው ተነሳ። «እንግዲያው አበቃ። ሁለተኛ ውድድር የለም። ትምህርትህን ተማር!» ልጁም ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። እናትየው ባሏን ተቆጣች፣ ባል ሾፌሩን፣ የአክስት ልጅ ሁሉንም። ክርክሩ ያለ ስምምነት ተበተነ።

እኔ የሚመስለኝን ልናገር። ዕድል የሚባለውን አልክድም። ጭጋጉ ዕድል ነው፤ ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም። ዓሣ መሞቱም ቢሆን ሲጠነቀቁም ይደርሳል። የቀሩት ግን፣ ኩሽኔታው ሲቀር፣ የደከመ ሰው ስህተቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ቻርጀር ሰክቶ መብራቷ በርታ እንደሆነ አለማየት። መስመሩን ለቆ በአቋራጭ መሄድ። ክሩንም ብትሉ ልጁን ለብቻው ጠይቄዋለሁ። ጉቶ መሐል ሲጎተት የዋለ ክር ጫፉ ይሳሳል፤ አጥማጅ እየቆረጠ እንደገና ያስራል። ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ዓርብ ግን አላደረገውም። «ደክሞኝ ነበር» አለኝ።

የጆርዳን ሊ ታሪክ እውነት ነው፤ ደስም ይላል። ግን የአክስት ልጅየው የዘለለው ነገር አለ። ሊ ሞተሩ ሲቆምበት ዓሣው የት እንዳለ አውቆ፣ እዚያው ላይ ነበር። የእኛ ልጆች ያጡት ይህንኑ ነው። ጉንተርስቪል ቴነሲ ወንዝን በመገደብ በ1939 የተፈጠረ ሐይቅ ነው። 69,000 ኤከር ይሆናል፤ የሐዋሳን ሐይቅ ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ሣርና ጉቶ የሞላበት ነው። የልምምድ ቀን የሌለው ሰው እዚያ በጭፍን ነው የሚወረውረው። ጎበዝ መሆን ብቻውን አይበቃም።

እናትየውን ግን አላጣጥላትም። ያ ጎማ ባይጨስ ሌሊቱን ሙሉ ይነዱ ነበር። የነደደው ኩሽኔታ መኪናቸው ውስጥም ቢሆን ጥቂት ሰዓት አስተኝቷቸዋል። እሷ የእግዚአብሔር እጅ ነው ትላለች፤ እኔም አልከራከራትም። የሚያስፈራኝ መልሱ ነው። ሲመለሱ ምንም አላስቆማቸውም። ከጉዞው ሁሉ የከፋው ነገር ያ የሉዊዚያና ቅጽበት ነው፤ ልጁ የቆጠረው ግን በመጥፎ ዕድሉ ዝርዝር ውስጥ አይደለም። እንደ ቀልድ ነው ያነሳው።

ደግሞ ይህ የልጁ ጥፋት ብቻ አይደለም። ለ3 ደቂቃ 3 ፓውንድ ተቀጡ፤ ለአንድ ዓሣ ሞት 4 አውንስ። ስንት ሰዓት ተኝተህ መጣህ ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ክበባቸውም አልጠየቀም። እኛም ቤተሰቡ አልጠየቅንም። ዓሣው ከነሕይወቱ እንዲመለስ በደንብ የተጻፈ ሕግ አለ፤ ለነጂው እንቅልፍም አንድ መስመር ይጻፍ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጀልባ ጎትቶ መንዳት ክልክል ነው ቢባል፣ ሁሉም ቡድን እኩል ግማሽ የልምምድ ቀን ያጣል፤ ማንም አይበደልም። ልጁ ለክበቡ እንዲያቀርበው ነግሬዋለሁ።

አባትየው ማጥመዱን ይተው የሚለውን ግን አልደግፍም። ይህ ልጅ ስለ ውኃ ሙቀት፣ ስለ ነፋስ አቅጣጫ፣ ዓሣ እንቁላል ስለሚጥልበት ወቅት ሲያወራ የሰማ ሰው ይተው አይልም። ባዮሎጂን የወደደው በዚህ ነው። ከዚያ ጓደኛውም ጋር ወንድማማች ሆነዋል። ይህን ሁሉ ቆርጦ ከመጣል አንድ ሌሊት ማደሪያ መክፈል ይሻላል።

ቀጣዩ ጉዞ ሳም ሬይበርን ሐይቅ ነው፤ እዚሁ ቴክሳስ፣ ቅርብ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እንደገና ሩቅ ነው። ሾፌሩ ኩሽኔታውን አብሮት ሊቀይር፣ እንዴት እንደሚቀየርም ሊያሳየው ቃል ገብቷል። ማደሪያውን ከአባቱ ጋር እንድንካፈል እኔ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ሲሄዱም ሲመለሱም። ልጁ እሺ ብሏል። አባትየው እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ነገ እደውልለታለሁ።