«ተረፈ ምግብ በራሱ ይበሰብሳል»፤ የት ነው የሚበሰብሰው?

ሰሞኑን ደሴ ላይ ስለ ከተማ ጽዳት ደንብ በተደረገ ውይይት አንድ ኃላፊ «ችግራችን ፌስታል ነው፤ ተረፈ ምግብማ በራሱ ይበሰብሳል፣ የተለየ ደንብ አያስፈልገውም» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ንግግሩስ ይሁን፣ ጭብጨባው ነው ያስገረመኝ።

መበስበሱን ማን ካደ? አየር ያገኘ የሽንኩርት ልጣጭ ግሎ፣ ተንኖ አፈር ይሆናል። በፌስታል ታስሮ ገንዳ ውስጥ የታፈነው ግን ይኮመጥጣል፣ ይገማል፣ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ጥቁር ፈሳሽም ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል። ከደሴ ቁልቁል የወረደ ፈሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ለወሎ ሰው አይነገርም። የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ የጨፋ ረግረግ ይገባል፤ እዚያ ከብት ይጠጣዋል። በመጋቢት 2009 ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የፈጀው የአዲስ አበባው ቆሼም ለአሥርት ዓመታት «በራሱ» ሲበሰብስ የኖረ ክምር ነበር።

ደግሞስ ፌስታሉን ከምግቡ ነጥሎ የሚቆጣጠር ደንብ ምን ዓይነት ደንብ ነው? ንጹሕ ካርቶንና ንጹሕ የውሃ ፕላስቲክ ገዢ አለው፤ ቆራሌው ደጅ ድረስ መጥቶ ይወስደዋል። ወጥ የፈሰሰበትን ግን ማንም አይነካውም። ላሟም ፌስታል የምትውጠው ላስቲክ አምሯት አይደለም፤ የምትፈልገው ውስጡ የተቋጠረውን እንጀራ ነው።

በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ምግብ የሚያመርቱና የሚሸጡ ድርጅቶች ተረፈ ምግባቸውን ሰብስበው፣ አስቀምጠው ወደ ማስወገጃ ቦታ እንዲልኩ ግዴታ ጥሎ ነበር። በምን ዕቃ? ከምን ለይተው? በስንት ሰዓት ውስጥ? በ2017 አዲሱ አዋጅ ሲጸድቅም ወሬው ሁሉ የፌስታል ቅጣት ሆነ። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው የከተማ ደንብ ነው፤ እሱም ላይ ሲደረስ «በራሱ ይበሰብሳል» ተባልን።

የፈረንሳይን ሕግ የሚያነሱም አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ያ ሕግ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱፐርማርኬቶች ያልሸጡትን ምግብ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጡ ያስገድዳል። ለደሴው ሰኞ ገበያ ምን ይፈይዳል? የእኛ ጣጣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝ ልጣጭና የጫት ገረባ ነው። መኮረጅ ካልቀረ ደቡብ ኮሪያ ትሻላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ተረፈ ምግብን እንዳለ መቅበር ከለከለች፣ በ2013 ደግሞ በጣሉት መጠን ማስከፈልን በአገር ደረጃ አስፋፋች።

ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው ማድ ቤት ውስጥ ነው። የቢራ ፋብሪካ የብቅል አተላ ከብት አርቢ ተሻምቶ የሚወስደው ለምንድን ነው? ስላልተቀላቀለ ነው። የሆቴል ተረፈ ምግብ ገዢ የሚያጣው ስቴኪኒ፣ ሶፍትና የሲጋራ ቁራጭ ስለገባበት ነው። አስተናጋጁ ትሪውን አንስቶ በአንድ ጊዜ በርሜል ውስጥ ሲገለብጠው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚለይ ማሽን ደሴ ውስጥ የለም። ስለዚህ ደንቡ ከገበታ መጀመር አለበት። ሶፍቱና ስቴኪኒው ትሪው ሳይነሳ ይለቀም። ጥሬው፣ ማለትም ልጣጩ፣ የቡና አተላውና የጁስ ቤቱ ተረፈ፣ ለብቻው ይቀመጥ። ጨውና ዘይት ያለው የገበታ ትራፊ ከእሱ ጋር አይገናኝ።

ዕቃውም በደንቡ ይወሰን። ባለ 200 ሊትር በርሜል እርጥብ ተረፈ ምግብ ሲሞላ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በደሴ ዳገት ማን ይሸከመዋል? ይጎተታል፣ ይደፋል። ክዳንና ሁለት እጀታ ያለው ባለ 50 ሊትር ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ደረቅ ገረባ ቢነጠፍበት ፈሳሹን ይመጥጠዋል። ተረፈ ምግቡ የሚነሳበት ጊዜም ከከተማ ከተማ ይለያል። የዝንብ እንቁላል በሞቃት ቦታ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ከደሴ ብዙ ዝቅ ብላ የምትሞቀው ኮምቦልቻ በየቀኑ ማንሳት አለባት፤ ብርዳማዋ ደሴ እስከ ሁለት ቀን መታገስ ትችላለች። የአንዷን ደንብ ለሌላዋ መገልበጥ ስንፍና ነው።

ጥሬው ወደ ብስባሽ (ኮምፖስት) ይሂድ። ለአንድ ባልዲ ጥሬ ተረፈ ሁለት ባልዲ ጭድ ወይም የተከተፈ ገረባ ይቀላቀላል፤ ሰጋቱራ ብቻውን ከሆነ ይጠቀጠቅና አየር ይዘጋል። ክምሩ በሁሉም ጎን ከአንድ ሜትር ካነሰ በደሴ ብርድ አይግልም። ውስጡ 55 ዲግሪ ደርሶ 15 ቀን መቆየት፣ በዚያ ውስጥም አምስት ጊዜ መገልበጥ አለበት፤ አለዚያ በሽታ አምጪው ተሕዋስም የአረሙ ዘርም አይሞትም። በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ካወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካመጣ ጭድ ይጨመርበት፤ የገማ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷልና ይገልበጥ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ያለ ጣሪያ የሚሠራ ብስባሽ ጭቃ ነው የሚሆነው።

የገበታ ትራፊው አጥንቱ ተለቅሞ፣ ለግማሽ ሰዓት ተንተክትኮ ለዶሮ ሊሆን ይችላል። የሻገተ እንጀራና ዳቦ ግን ለወተት ላም አይሰጥ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፣ ወደ ወተቱም ያልፋል። ቡሌ፣ ማለትም የሆቴል ትራፊ፣ ለሰው የሚሸጥ ከሆነም ደንቡ ዓይኑን አይጨፍን፦ የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ከተቀመጠ ለሰው አይቅረብ።

ወጪ አለው የሚሉ የሆቴል ባለቤቶች አሉ። ክዳን ያለው ባልዲ መግዛት የሚያቅተው ሆቴል ምግብ መሸጡንም ይተወው። ለይቶ የሚያስረክብ ትንሽ ይክፈል፣ ቀላቅሎ የሚያስረክብ እጥፍ፤ ያልከፈለ የንግድ ፈቃዱ አይታደስ።

አንድ አንቀጽ ግን ከቅጣቱ በፊት ይጻፍና ማዘጋጃ ቤቱን ራሱን ይሰር፦ ተለይቶ የተረከበውን ጥሬ ከሌላው ቆሻሻ ጋር አንድ መኪና ላይ መጫን ክልክል ነው። ሁለቱ ባልዲዎች ዓይኑ እያየ አንድ ገንዳ ውስጥ የተገለበጡበት ባለ ሆቴል በማግሥቱ መለየቱን ያቆማል፤ ያን ጊዜ የሚቀጣው ሰው የለም።