የፍራሽ ላይ ስፔሻሊስቶቻችን

ለምርመራ ገንዘብ የሚያባክኑ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ድሬዳዋ እየኖሩ! ከስምንት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ወደ ፍራሽ ሲሰበስብ፣ በየበርጫው ነፃ ስፔሻሊስት ሞልቷል። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ። ኩራትም የለም፤ ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም እኩል "አንተ" ብለው ነው የሚያክሙት።

በቀደም አንድ ጎረቤታችን ሕመሙን አጫወታቸው። ወራት ያስቆጠረ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ። ሐኪሙ በኮሎኖስኮፒ አይቶ "አልሰራቲቭ ኮላይቲስ" ብሎታል፤ የትልቁ አንጀት ብግነት።

"አቦ ተወው! አሜባ ነው" አሉት። ካሜራ ገብቶ ያየውን እነሱ ከትራስ ሳይነሱ አረሙት።

ከዚያ አንዱ ቴሌግራሙን ከፈተ። የባሕር አረም አንጀት ያድናል ይላል። ዕድል ሆኖ ከጅቡቲ የመጣ ዱቄት በብልቃጥ ይዟል። ክዳኑ ሲነሳ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

"ሁለት የሻይ ማንኪያ ጠዋት፣ ሁለት ማታ።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትድን ነዋ!"

እውነት ለመናገር ወሬው መነሻ አለው። ከቡናማ የባሕር አረም ፉኮይዳን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል። ስዊድናዊው ሃራልድ ኪሊን ነው እ.ኤ.አ. በ1913 ለይቶ ያወጣው። በኬሚካል አንጀታቸው እንዲቆጣ በተደረጉ አይጦች ላይ ብግነቱን ሲያበርድ ታይቷል። "አይጥ" የምትለዋን ቃል ስፔሻሊስታችን ዘለላት። ደግ ሰው ነው፤ በሽተኛን ተስፋ አያስቆርጥም። ከቀዩ አረም የሚወጣው ካራጊናን ደግሞ ተመራማሪዎች የአይጥ እግር ሆን ብለው የሚያሳብጡበት ነው፤ እብጠቱን የሚያበርድ መድኃኒት ለመፈተሽ። ይሄም ከባሕር ነው እንግዲህ።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቡናማው ነው ቀዩ ብዬ ጠየቅኩ።

"አረንጓዴው!" አለኝ በኩራት።

ሐኪሙ ያዘዘውን እንክብልም አስጣሉት። "ኬሚካል ነው" አሉ፣ ኮካቸውን እየተጎነጩ። ስም የሌለው፣ ቀን ያልተጻፈበት ዱቄት ግን ተፈጥሮ ነው።

ጎረቤታችን አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ስፔሻሊስቶቹ አልከዱትም፤ ብርቱካን ይዘው ተግተልትለው ሄዱ። ከጎኑ የተኛው ሰውዬ ጉበቱን እንደሚያመው ሲሰሙም ዝም አላሉም። ጥቁር አዝሙድ በማር አዘውለት፣ ስልክ ቁጥራቸውን ትተውለት ወጡ።