«ራሳቸው ናቸው የሸጧቸው» ለምትሉ

የአፍሪካ ኅብረት የ2025 መሪ ሐሳቡን ካሳ አድርጎት ነበር። ለባሪያ ንግድና ለቅኝ ግዛት በደል ፍትሕ ይገባናል ነው ነገሩ። ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ አይጠፋም፦ «ነጮቹ ምን ያድርጉ፣ የሸጧቸው ራሳቸው አፍሪካውያኑ አይደሉ እንዴ?» ውሸት ነው አልልም። ግን ማን ሸጠ፣ ለምን ሸጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላይም።

እስቲ የድሮውን የኮንጎ መንግሥት (የዛሬዋ ሰሜን አንጎላና አካባቢዋ) እንይ። እ.ኤ.አ. (ሁሉም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) በ1483 ፖርቹጋላዊው ዲዮጎ ካኦ የኮንጎ ወንዝ አፍ ላይ ሲደርስ ያገኘው ዋና ከተማ፣ ግብር ሰብሳቢ ሹማምንትና የራሱ የዛጎል ገንዘብ ያለው መንግሥት ነበር። ንጉሡ በ1491 ተጠመቁ። ልጃቸው ንጉሥ አፎንሶ ደግሞ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ልጃቸውን ሄንሪኬን አውሮፓ ልከው አስተማሩ፤ ሄንሪኬም በ1518 ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ከፖርቹጋል ንጉሥ ጋር ሲጻጻፉ «ወንድሜ» ይባባሉ ነበር። የቆዳ ቀለም ያኔ ለወንድምነት አልከለከለም ማለት ነው፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ።

በ1526 አፎንሶ ለፖርቹጋሉ ንጉሥ ለዦዋዎ 3ኛ ምሬት ጻፉ። ነጋዴዎቻችሁ በየቀኑ ሰዎቻችንን ይወስዳሉ፣ የመኳንንት ልጆችና ዘመዶቻችንም አልቀሩ፣ አገሩ ሰው አልባ እየሆነ ነው ይላሉ። ከእናንተ የምንፈልገው ካህንና አስተማሪ፣ ለቅዳሴ የሚሆን ወይንና ዱቄት እንጂ ነጋዴና ሸቀጥ አይደለም ይላሉ።

የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት የፖርቹጋል መልእክተኞች የኛን የዓፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤ ይዘው ከምጽዋ ተነስተዋል። ሁለት ክርስቲያን የአፍሪካ ነገሥታት፣ የሚጽፉት ለአንድ ቤተ መንግሥት። ፖርቹጋል ከኛ የምትፈልገው ቀይ ባሕር ላይ ከቱርክ ጋር የሚገጥም አጋር ነበር፤ በ1541 ወታደር ላከች። ኮንጎ ግን ሳኦ ቶሜ ደሴት ላይ ካለው የሸንኮራ እርሻ አጠገብ ነበረች፣ እርሻው ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። አንዱን አጋር፣ ሌላውን የሰው ገበያ ያደረገው ገበያው ራሱ ነው ባይ ነኝ። ንቀቱማ ያኔም ነበረ፤ የደረጀውና ትምህርት የሆነው ግን ንግዱ ካበጠ በኋላ ነው፤ ትርፉ እንዳይቋረጥ «ጥቁር ለዚህ ነው የተፈጠረው» የሚል ምክንያት አስፈለገ።

አፎንሶ ንጹሕ አልነበሩም። ራሳቸውም የጦር ምርኮኛ ሸጠዋል። የተቆጡት ነጻው ሰው መታፈን ሲጀምር ነው። ሦስት ሹማምንት ሾመው፣ ማንኛውም ባሪያ ከመሸጡ በፊት በሕግ የተያዘ መሆኑ እንዲጣራ አዘዙ። ግን ነገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ድሮ ጨርቁም ጌጡም የሚገኘው በንጉሡ በኩል ነበር፤ ባላባቱ የሚታዘዘውም ለዚያ ነው። አሁን ነጋዴው በቀጥታ ባላባቱ ደጅ ድረስ መጣ። ባላባቱ ከንጉሡ በላይ ሸቀጥ ሲኖረው ለምን ይታዘዛል? ሸቀጡ የሚከፈለው ደግሞ በሰው ነው። እናም «ራሳቸው ሸጧቸው» የምንለው ሰው፣ ብዙ ጊዜ በገዛ ንጉሡ ላይ የሸፈተ፣ በሸቀጥ የተደለለ ሹም ነው። ገዢው ሻጩን ፈጠረው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ፖርቹጋሎች በ1575 ሉዋንዳን ቆረቆሩ፣ በ1665 ምብዊላ ላይ የኮንጎውን ንጉሥ አንቶኒዮን ገድለው አንገታቸውን ቆረጡ። በአትላንቲክ ከተጫነው ወደ 12.5 ሚሊዮን ሰው ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ የሆነው የተወሰደው ከዚሁ ከመካከለኛው ምዕራብ አፍሪካ ነው።

ከዚያ አውሮፓ ንግዱን ከለከለችና በተራዋ ነጻ አውጪ ሆና መጣች። የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ኮንጎን የወሰደው ባርነትን አጠፋለሁ እያለ ነው። ጣሊያንም በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ካቀረበቻቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ባርነት ደግሞ በእርግጥ ነበረን፣ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። (የኛ ጉድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ አይመለከተንም» የሚለው ግን አያዋጣም።)

አሁን ወደ ካሳው። በ2024 የፖርቹጋሉ ፕሬዚዳንት ማርሴሎ ሬቤሎ ደ ሶዛ አገራቸው ለበደሏ ዋጋ መክፈል አለባት ሲሉ፣ የራሳቸው መንግሥት እንዲህ ያለ ዕቅድ የለንም ብሎ መለሰ። ሌሎቹም የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ ዘመኑ ረዝሟል፣ ሂሳቡ አይሠራም። እንግሊዝ በ1833 ባርነትን በሕግ ስትሽር ግን ሂሳቡ ተሠርቷል። እያንዳንዱ ባሪያ ዋጋ ተተምኖለት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ፣ ለካሳው የተወሰደው ብድርም ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ገንዘቡን የተቀበሉት ባለቤቶቹ ናቸው። ለባሮቹ አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም።