እርማት፦ የደፈረሰውን የአኳሪየም ውሃ በሙሉ አትድፉት

«አዲስ አኳሪየም ወተት ከመሰለ ውሃውን በሙሉ ድፉና ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ እጠቡ» የሚለው ምክር በጣም የተለመደ ነው፤ ግን ስህተት ነው፣ ዓሣም ሊገድል ይችላል። ውሃው እንደተሞላ ወዲያው ከደፈረሰ፣ በደንብ ያልታጠበ ጠጠር አቧራ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነጭ ጉም ከመሰለ ግን በፍጥነት የተባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይጠራል። ሁሉን ስትደፉት ነገሩ እንደገና ሊጀምር ይችላል። የቧንቧው ክሎሪን ደግሞ የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ያደጉትን፣ አሞኒያ (ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣ መርዝ) የሚያስወግዱትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። ፊልተሩ ሌት ተቀን ይሥራ። ዓሣ ካለበት ምግብ ቀንሱ፣ አሞኒያ ለኩ፤ ከተገኘ 25 በመቶውን ክሎሪኑ በተወገደ ውሃ ቀይሩ። ስፖንጁ ከተደፈነ፣ ከራሱ ከአኳሪየሙ በባልዲ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ቡናማው ዝቃጭ እስኪለቅ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።